መልሱ

ከዩኒቨርሲቲው ወረቀት ይዘን መጣን፣
አርባ ሁለት ጥያቄ፤ ደረጃውን ወጣን።
ካሊ፣ ኮረብታው ላይ፣ ቤት በቤት ላይ ቆሞ፣
ያንዱ ጣሪያ ላንዱ በረንዳ ነው ደግሞ፤
ከላይ በገመድ ሳጥን ሲንሳፈፍ ሰው ጭኖ፣
ከስር ጎረምሳው አለ፣ የግድግዳ ጥገኛ ሆኖ።
እኔ የሰፈሩ ልጅ ነኝ። ሰማያዊ ሰደርያ አለበሱኝ፣
«ዩርላኒ፣ አንቺን ያምኑሻል» አሉኝ።

አንደኛው በር ተዘጋ። ሁለተኛው፣ ውሻ።
ሦስተኛው ዊልቶን ነው፣ ፀጉር አስተካካዩ።
«ባለፈው ወር ስለት ይዘዋል?» ብዬ ሳነብለት
ምላጩን ከደንበኛው ጉሮሮ አንስቶ ሳቀ፤
«ቀን በቀን» አለኝ፣ «ጻፊው።»
ጻፍኩት።

ኤርሚልዳ ሰፊዋ በሯን አልዘጋችም፤
የተማሪ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ትተክላለች፣ ቀና አላለችም።
«ጥያቄ አንድ፦ በዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል?»
መርፌዋ ቆመ።
«ይኖራል? ወይስ ይኖር ነበር?»
ለነበር የተሠራ ሳጥን ወረቀቱ ላይ የለም።
ከግርጌ በደማቁ «እባክዎ ይመልሱ» የሚለውን
ጮክ ብላ አነበበች፣ ጣቷን አስደግፋ፦
«እኔ ልመልስ? እናንተ መልሱ!
ዱቫንን መልሱልኝ፣ አሥራ ስድስት ዓመቱን፣
አንድ ቁልፍ በጎደለው ሸሚዝ የወጣውን፤
ያን ጊዜ አርባ ሁለቱንም እመልስላችኋለሁ።»

ዶክተር ሊሴት ይህን ስነግራት አልጻፈችውም።
በማግስቱ ራሷ መጣች፣ በላብ ተጠምቃ፣
«ቁስሉ የእናንተ፣ ጥያቄው የእኛ፤
ይህ ነገር ልክ አይደለም። እናንተ ጠይቁ» አለች።
ማንም አላጨበጨበም።
ኤርሚልዳ ግን የልብስ መቁረጫ ወረቀቷን ዘረጋች፣
በመስፊያ ጠመኔ ሰፈሩን ነደፈች።

ማክሰኞ የላይኞቹ ልጆች፣ ሐሙስ የታችኞቹ፤
ባንድ ቀን አይሆንም፣ ደም አለ መካከላቸው።
ዬርሰን ማክሰኞ በቀይ፣ ኤይደር ሐሙስ በሰማያዊ
«ከዚህ ወዲያ አልሻገርም» የሚሉትን ሰመሩ፤
ሳይተያዩ፣ አንዱ ያንዱን ሳያይ፣
መስመሩ አንድ ሆነ፣ ልክ በኳስ ሜዳው ላይ።
ከዚያ ለእያንዳንዱ ደም አንድ መርፌ ሰኩ።
ሠላሳ አንድ መርፌ። አሥራ ዘጠኙ
የሜዳው በር ላይ ተጣብበው ቆሙ።
የዱቫንን ማንም አልደፈረም፤ ራሷ ሰካችው፣
ጣቷን ወጋት፣ ጣቷን አላየችውም።

ሊሴት ለዚህ ረጅም ስም ነበራት።
ዬርሰን ግን፦ «በስድስት ሰዓት ሜዳው ይቆለፋል፣
መብራት የለም፤ ኳስ ከሌለ ሰው ይቆማል፣
የቆመ ሰው ይተያያል፣
የተያየ...» አለና ወረቀቱን አየ።
እኔም እንዳለ ጻፍኩት፣ ነጠብጣቡን ጨምሬ።

አምስት ደብዳቤ፣ አሥራ አንድ ወር፣
የማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ ሁለት ጊዜ «ነገ» ብሎ፣
ቁልፉ በመጨረሻ ከስፌት መኪናዋ ጎን ተሰቀለ።
ሜዳው እስከ አራት ሰዓት ሌሊት ይበራል።

በዓመቱ ቁጥሩ ወረደ።
ሊሴት አትደፍርም፤ «ምናልባት» ትላለች፣
«አጋጣሚም ይሆናል፣ ዝናቡም ከብዶ ነበር።»
ኤርሚልዳ በዚያ ቃል ትናደዳለች፣
ግን ኅዳር ላይ ኤይደር አውቶቡስ መቆሚያው ጋ ሲወጋ
ምንም አላለችም። ተርፏል። ግራ እጁ አልታዘዝ አለው እንጂ።
መርፌ ጨመርን። ሠላሳ ሁለት።

ትናንት መጠይቁን እንደገና አመጣሁላት።
ጥያቄ አንድን ሰርዛ ከጎኑ ጻፈች፦
«ይኖር የነበረውስ፣ ስሙ ማን ነበር?»
ሰፊ ቦታም ተወች፣ ስሙ ረጅም ለሆነ።
አርባ አንዱን መለሰች።
አንዱ ባዶ ነው፣ የመጨረሻው፤
እሱን የሚመልስ የለም።

በዚህ መሃል ከደጅ አንድ ልጅ ጮኸ፦ «ቁልፍ! ኤርሚልዳ፣ ቁልፍ!»
የሸሚዙን ይሁን የሜዳውን ሳትጠይቅ
ሁለቱንም ይዛ ወጣች።